አይላንድ ፒክ በአስጎብኚ፦ የ13 ቀኑ ፓኬጅ ወይስ የ18ቱ?

በኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ፣ ታሜል ሰፈር ውስጥ ተራራ የሚሸጥ ቢሮ በየደጁ አለ። ከሚሸጡት ተራሮች ገበያው የደራለት አይላንድ ፒክ ነው፤ የአገሬው ስሙ ኢምጃ ጼ፣ ከፍታው 6,189 ሜትር፣ ቦታው በኤቨረስት ሰፈር፣ ኩምቡ ውስጥ። ማስታወቂያው «ልምድ አያስፈልግም» ይላል። ለእግር ጉዞው እውነት ነው። የመጨረሻው ቀን ግን የበረዶ ግግር፣ ስንጥቅና ቀጥ ያለ ግድግዳ አለበት፤ እዚያ ገመድ አያያዝ የማያውቅ ሰው ራሱንም ከኋላው የተሰለፈውንም ያቆማል።

የኔፓል ኤጀንሲዎች ከካትማንዱ ተነስቶ እዚያው ለሚያልቅ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር ይጠይቃሉ። የመውጫ ፈቃድ፣ የፓርክ መግቢያ፣ የእግር ጉዞው ወደሚጀምርበት ወደ ሉክላ በረራ፣ ሎጅ፣ ተሸካሚና መሪ በዋጋው ውስጥ ናቸው። የፈቃዱ ዋጋ በወቅት ይለያያል፤ የመጸው (ጥቅምትና ኅዳር) ክፍያ የጸደዩን (ሚያዝያና ግንቦት) ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ በሁለቱም ወቅት አንድ ዓይነት ዋጋ የሚጠራ ኤጀንሲ ልዩነቱ የት እንደገባ ይጠየቅ።

ዋናው ጉዳይ የቀኑ ብዛት ነው። አጭሩ ፓኬጅ ከሉክላ (2,860 ሜትር) ተነስቶ በናምቼ (3,440)፣ በቴንግቦቼ (3,860) እና በዲንግቦቼ (4,410) አልፎ ቹኩንግ (4,730) ይደርሳል፤ ከዚያ በቀጥታ 5,100 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቤዝ ካምፕ (ተራራው ሥር ያለው ሰፈር)። ዲንግቦቼ ላይ የሚያድር ሰው ከራስ ዳሸን ጫፍ ብዙም በማያንስ ከፍታ ላይ ነው የተኛው። አዲስ አበባ መኖር ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይጠቅማል፤ ናምቼ ላይ ሌላው ራሱን ሲያመው እርስዎ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከ4,000 በላይ ግን ያ ጥቅም እየሳሳ ስለሚሄድ ተማምኖ መቻኮል አያዋጣም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ የእረፍት ቀን ቢገባ ይመከራል። አጭሩ ፓኬጅ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው ይህንኑ የእረፍት ቀን ነው።

ረጅሙ ፓኬጅ መጀመሪያ ወደ ሎቡቼ (4,940) እና ጎራክሼፕ (5,164) ይወጣል፣ ካላፓታርን ወይም የኤቨረስት ቤዝ ካምፕን ያሳያል፣ ከዚያ ወደ ቹኩንግ ይመለሳል። ሰውነት ከፍታውን ቀምሶ ዝቅ ብሎ አርፎ ስለሚነሳ የመጨረሻው ሌሊት በጣም ይቀላል። ልዩነቱ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። እኛ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ከ13ቱ ቀን ውስጥ የሚገኘው ቁጠባ ተራራው ሥር ደርሶ ራስ ምታት ይዞ ለመመለስ ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው?

ሁለተኛው የሚጠየቅ ነገር መሪው ነው። የእግር ጉዞ መሪነት ፈቃድና ተራራ የማስወጣት ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ከሉክላ ጀምሮ አብሮዎት የሚሄደው ሰው ገመድ የሚይዘው ላይሆን ይችላል፤ ተራራውን አብሮዎት የሚወጣው ሸርፓ (የአገሬው ተራራ ወጪ) ብዙ ጊዜ ቹኩንግ ላይ ነው የሚጠብቀው። ለስንት ሰው አንድ ሸርፓ እንደሚመደብ ውል ላይ ይጻፍ፤ ለሁለት አንድ ጥሩ ነው፣ ከአራት ካለፈ ይተዉት። ቋሚውን ገመድ የሚዘረጋው ማን እንደሆነ፣ ክፍያውም በዋጋው ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ፤ ቤዝ ካምፕ ላይ «የገመድ» ተብሎ ጥሬ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

ልምምዱ ቤዝ ካምፕ ላይ ግማሽ ቀን ነው። ችላ ብለው የሚያልፉት አሉ፤ አይለፉት። ጁማር (ገመዱን ነክሶ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ መያዣ) ወደ ላይ መግፋት ለማንም አይከብድም። ችግሩ ገመዱ ከበረዶው ጋር የታሰረበት ቋጠሮ ጋ ሲደርሱ ነው፦ መጀመሪያ መጠባበቂያውን ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቀለበት) ከቋጠሮው በላይ ያስገባሉ፣ ከዚያ ጁማሩን ነቅለው ያሻግራሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ለአፍታ ከምንም ጋር ሳይታሰሩ ይቆማሉ። ሲወርዱም ስምንት ቁጥር የሚመስለውን የመውረጃ ብረት ከእጅ ሳይጥሉ ገመዱ ላይ ማስገባት አለ። ይህን ሁሉ ወፍራሙን ጓንት ሳያወልቁ ይለማመዱት፤ ሌሊት ላይ ባዶ እጅ ብረት አይነካም።

ጫማ ከታሜል ወይም ከቹኩንግ ይከራያል። ቹኩንግ መከራየት ሸክም ያቀላል፤ ግን በጥቅምት ቁጥርዎ አልቆ ሊጠብቅዎ ይችላል፣ ትልቅ ወይም ትንሽ እግር ያለው ከታሜል ይውሰድ። በወፍራም ካልሲ ለክተው ቁልቁል ይሂዱ፤ ጣትዎ ጫፉን ከነካ አይሆንም። ክራምፖኑን (ለበረዶ ጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ሹል ብረት) እዚያው ሱቁ ውስጥ አስረው ጫማውን ያወዛውዙት። ከተነቃነቀ ይቀይሩት፤ ግድግዳው መሃል ወልቆ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው።

የመውጫው ቀን ከቤዝ ካምፕ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ሦስት አራት ሰዓት ድንጋይ ድንጋዩን ከተወጣ በኋላ በረዶው ጫፍ ላይ ክራምፖን ይታሰራል፤ ከዚያ በገመድ ተያይዘው ስንጥቆቹን ያልፋሉ፣ እንደ ዓመቱ ሁኔታ መሰላልም ይኖራል። ከዚያ ግድግዳው፣ በመጨረሻም ጠባቡ ሸንተረር። ደርሶ መልስ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚመለሰው አቅም አጥቶ ሳይሆን ሰዓት አልፎበት ነው፦ ገመዱ ላይ ሰልፍ ሲበዛ፣ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሲነሳ። የመመለሻውን ሰዓት ከመሪው ጋር አስቀድመው ይወስኑ። አንዳንዱ ኤጀንሲ 5,600 ሜትር አካባቢ ያለውን ሃይ ካምፕ (ከቤዝ ካምፕ በላይ ያለ ማደሪያ) እንደ ጥቅም ይሸጠዋል፤ መንገዱን ያሳጥራል፣ ግን እዚያ ላይ እንቅልፍ የለም፣ ውሃም ችግር ነው። ብዙም አይጠቅምም።

ሉክላ በደመና ምክንያት ለቀናት ሊዘጋ ይችላል፤ ተጓዥ በሚበዛበት ወቅትም አብዛኛው በረራ ከካትማንዱ ሳይሆን ከራሜቻፕ ስለሆነ በሌሊት የአራት አምስት ሰዓት መኪና አለ። ጭነት 15 ኪሎ ነው። ከመመለሻ ትኬትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀን ይተዉ።

ኢንሹራንሱ ከ6,000 ሜትር በላይ መውጣትን፣ ገመድ መጠቀምንና ሄሊኮፕተርን በስም መሸፈን አለበት፤ ብዙዎቹ 6,000 ላይ ይቆማሉ። ሳያስፈልግ ሄሊኮፕተር ጠርቶ ኢንሹራንስ ማስከፈል የኔፓል መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. የመረመረው የታወቀ ማጭበርበር ነው። ስለዚህ ሕመሙ ቀላል ሲሆን መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ይደውሉ፣ ወይም በእግር ዝቅ ይበሉ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ደግሞ ካትማንዱ ኤርፖርት ላይ ቪዛ አያገኝም። ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፣ የ30 ቀኑን። ኤጀንሲው «ሲደርሱ ይወጣል» ቢልዎ ስለ ሌሎች አገሮች ነው የሚያወራው፤ ቪዛው እጅዎ ሳይገባ ቀብድ አይክፈሉ።