ልጄን መስኮት ስር አስቀምጣ ጸጉሯን ላየችልን የፋርማሲ ባለሙያ

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ስለዚህ ስም አልጠራም። ያደረገችልንን ሳልናገር ብቀር ግን ቅር ይለኛል።

የ7 ዓመቷ ልጄ ጭንቅላቷን ማከክ አበዛች። በተለይ ከጆሮዋ ኋላና ማጅራቷ አካባቢ። ስፈትሻት ቅማል ነው። መድኃኒት ገዛሁ፣ ቀባሁ፣ አጠብኩ፣ በቃ ተገላገልን አልኩ። አንድ ሳምንት አለፍ እንዳለ ግን ተመልሶ መጣ። ልጄ "እማ፣ ቆሻሻ ስለሆንኩ ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ አንጀቴ ተላወሰ።

በማግስቱ ይዣት ፋርማሲ ሄድኩ። "ጠንከር ያለ መድኃኒት ስጪኝ" አልኳት። እሷ ግን ለመሸጥ አልቸኮለችም። "የመጀመሪያውን መቼ ደገምሽው?" አለችኝ። አልደገምኩትም። መደገም እንዳለበትም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የተጠቀምኩት 1 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባለውን ነው። እሱ ቅማሉን ይገድላል፣ ቅጫሙን ግን አይገድልም። ቅጫም ደግሞ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እኔ አለቀ ብዬ ስቀመጥ ለካ ጸጉሯ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ነበር። "ከቀባሽ በ9ኛው ቀን ድገሚው። አዲሶቹ አድገው እንቁላል መጣል ሳይጀምሩ ድረሺባቸው" አለችኝ። መድኃኒቱ 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደሚታጠብ፣ ከዚያ በፊት ኮንዲሽነር እንደማይቀባም ነገረችኝ። ኮንዲሽነር ካለ መድኃኒቱ ጸጉሩን በደንብ አይዘውም።

ከዚያ ወንበር ወደ መስኮቱ ሳበችና ልጄን አስቀመጠቻት። ጸጉሯን በጣቷ ከፈል አድርጋ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳየችኝ። እኔ ፎረፎር ነበር የመሰለኝ። በጥፍሯ ገፋ አደረገቻት፣ ንቅንቅ የለም። "ፎረፎር ቢሆን ይራገፋል፤ ቅጫም ግን ልክ በሙጫ እንደተለጠፈ ነው" አለችኝ። ከራስ ቆዳው ብዙ ርቆ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የተፈለፈለ ባዶ ቅርፊት ነው። ቆዳው አጠገብ ያለውን ነው በደንብ ማየት።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን ለሚቀጥለው ነው። ልጄ ፊት ቁጢጥ ብላ ተቀመጠችና "የኔ ቆንጆ፣ ቅማል ንጹሕ ጸጉር ቆሻሻ ጸጉር ብሎ አይመርጥም። አይዘልም፣ አይበርም። ጭንቅላት ለጭንቅላት ስትነካኩ እየተራመደ ይሻገራል። ከጓደኛሽ ጋር ተጠጋግታችሁ ስትስቁ መጥቶ ይሆናል" አለቻት። ልጄ ከቀናት በኋላ ቀና ብላ ሰው አየች።

ጸጉሯን ልላጫት አስቤ ነበር። ላምባ ቀቢባት ያለኝም ሰው ነበር። ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት ደነገጠች። ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት ከተጠጋው ደግሞ ይነዳል። ፍሊትም ቢሆን ለሰው ጭንቅላት አልተሠራም። እባካችሁ፣ ይህን ለልጅ አታድርጉ። መላጨትም አያስፈልግም።

ቤቱን በሙሉ ለማጠብም ተነስቼ ነበር። ቅማል ከጭንቅላት ከወረደ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሞታል። የትራስ ልብሱን፣ ኮፍያዋንና ሰሞኑን የለበሰችውን በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ ማበጠሪያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ በቃ።

ትልቁ ሥራ ማበጠር ነው። ከመድኃኒቱ ቀን ውጪ ጸጉሯን አርጥቤ ኮንዲሽነር እቀባለሁ። ከዚያ ጥርሱ በጣም ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ እጎትታለሁ፣ በየጉተታው ሶፍት ላይ እጠርጋለሁ። በየ2 እና 3 ቀኑ። መጀመሪያ ቀን የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ 4 ወጡ። ቤተሰቡ ሁሉ ይፈተሽ ስላለችኝ እኔም ታየሁ፤ እኔም ላይ ተገኘ። የተገኘበት ሰው ብቻ ነው የሚቀባው። ጨቅላ ሕፃን ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የራስ ቆዳ ከቆሰለ ግን መጀመሪያ ባለሙያ አማክሩ። ከታከመ በኋላ ትንሽ ቢያሳክክም ወዲያው አትደንግጡ፤ የሚንቀሳቀስ ቅማል መኖሩን እዩ።

እንዲህ ተረጋግታ የምታስረዳ ሰው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፋርማሲውን እጠቁማችኋለሁ። ሰው ሳሳ ሲል ብትሄዱ ጊዜ ሰጥታ ታያችኋለች።

ትናንት 3ኛ ሳምንታችን ሞላ። አበጥሬ ስጨርስ ሶፍቱ ላይ ምንም የለም። ልጄ ሶፍቱን ተቀብላኝ ወደ ብርሃኑ አዞረችውና "ሄደን ለእሷ እናሳያት" አለችኝ።