ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ሥር ያለችው ኮፒ ቤት

ታሪክ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የተወዳደረ ሰው ለኮፒ ቤት ግምገማ ጻፍሽ ብሎ አይስቅብኝም። ሌላው ይሳቅ።

ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ማስተርሴን ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ። እኛ በ70 ለ 30 ዘመን የተማርን ነን፤ ከመቶው የዩኒቨርሲቲ ቦታ ሰባው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ለእኛ። ለሌክቸረር ማስታወቂያ ሲወጣም ዓይኔ የሚያርፈው የታሪክ ትምህርት ክፍል ጎን ያለችው «ብዛት 1» ላይ ነው። የአሁኑ የ10 የሥራ ቀን ማስታወቂያ ነበር። እኔ ያየሁት በሰባተኛው ቀን።

ቤቷ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽንና አንድ ቬንትሌተር አላት። ቬንትሌተሩ ወደ ማሽኑ እንጂ ወደ ደንበኛ አይዞርም። ልጅቷ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ድሬ ውስጥስ ማን ያውቃል? «ነይ አቦ፣ ምንድነው?» አለችኝ። ማስታወቂያውን ስልኬ ላይ አንዴ አየችና ፋይሌን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ።

«ይሄ የሥራ ልምድ ቀን የለውም» አለች።

እውነትም የለውም። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን የለውም። ሦስት ቦታ አስገብቼዋለሁ፤ አንድም ሰው አልነገረኝም። ዲግሪዬን ላሚኔት አድርጊልኝ ስላትም እምቢ አለች። «በኋላ ሲረጋገጥ ማህተሙ የት ሊያርፍ ነው?» የመጣላትን ብር የምትመልስ ነጋዴ ካየሁ ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ጉዷ። የማመልከቻ ደብዳቤዬን በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። ስለ መመረቂያ ጽሑፌ የሚያወራ አንድ መስመር ነበረው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው የሚል። እሷ «እ.ኤ.አ.»ን «ዓ.ም.» አድርጋ ጻፈችው። ባቡሩ ሰባት ስምንት ዓመት ዘገየ ማለት ነው፤ ያውም በታሪክ አስተማሪ ፊርማ! ያየሁት ላስገባው ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የደንገጎን ዳገት እየወጣን ሳለ ነው። ሳላነብ መፈረሜ የኔ ጥፋት ነው። ወርጄ ተመለስኩ፤ ትራንስፖርቱም ቀኑም ተበላ። ልጅቷ አስተካክላ በነፃ አተመችልኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። «ባቡር መቼ በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል አቦ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

በነጋታው አስገባሁ። ገና የጽሑፍ ፈተናና ክፍል ገብቶ አስተምሮ ማሳየት አለ፤ እሱን ኮፒ ቤት አይሠራልኝም።

ዋጋ፦ አንድ ገጽ አማርኛ ማስጻፍ 30 ብር፣ ኮፒ 5 ብር፣ ስካን 10 ብር። ከሌላው ብዙም አይለይም። በኢሜይል የምትልኩት የአማርኛ ጽሑፍ ካላችሁ ሳትነግሯት ፒዲኤፍ ታደርግላችኋለች። አንዴ ሌላ ቤት በድሮ ፎንት ያስጻፍኩት ሲከፈት ሁሉም ፊደል ጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ሆኖ ነበር የመጣው። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም። በጠዋት ሂዱ። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ትዘጋለች፤ እስከ 10 ሰዓት ብታንኳኩም የሚከፍት የለም።

ፋይላችሁን ግን በቴሌግራም ላኩላት እንጂ ፍላሽ እንዳትሰኩ። የኔ ፍላሽ ከዚያ ማሽን ከወጣ ወዲህ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ቴሲሴም እዚያው ውስጥ ነው።