«ኪሎው ስንት ነው?» ብላ ለምትጀምረው ፋርማሲስት ምስጋናችን

በሕፃናት ሕክምና የምንሠራ ነርሶችና ሐኪሞች ነን። በሰፈራችን መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት አለች፤ ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም፣ እኛም አንጠራውም። አሠራሯን ግን እንናገራለን። እሷ ዘንድ መድረስ የማትችሉም ሌላ መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ይህንኑ ብትጠይቁ መብታችሁ ነው።

ማዘዣውን ተቀብላ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ኪሎው ስንት ነው?» ብላ ነው። የማታውቅ እናት ካለች ሚዛኑ እዚያው አለ፤ ልጇን ታቅፋ ትመዘናለች፣ ከዚያ ብቻዋን ትመዘናለች፣ ልዩነቱ የልጁ ነው። የአንድ ዓመት ልጅ 7 ኪሎም 11 ኪሎም ሊሆን ስለሚችል በዕድሜ መገመት አያዋጣም። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ስለዚህ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 150 ሚሊግራም ይወስዳል።

ትልቁ ጣጣ ግን ጠርሙሱ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ 150ው 6 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በ5 ሚሊ ሊትር 250 የሆነው ሲሆን 3 ሚሊ ሊትር ብቻ። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ያለው ጠብታ ከሆነ ደግሞ 1.5 ሚሊ ሊትር። «ባለፈው 6 ነው የተባልኩት» ብላ ከጠብታው 6 ሚሊ ሊትር የሰጠች እናት 600 ሚሊግራም፣ የሙሉ ቀኑን መጠን በአንድ ጉርሻ ሰጠች ማለት ነው፤ ይህ ሲደጋገም ጉበት ይጎዳል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የልጆች ታይለኖል (ያው ፓራሲታሞል ነው) ደግሞ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው የክብደት ሰንጠረዥም በፓውንድ ይጀምራል። 22 ፓውንድ 10 ኪሎ ነው። የፓውንዱን ቁጥር ኪሎ ብሎ ያነበበ ሰው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ያጠጣል። ፋርማሲስቷ ቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ ይዛችሁ እንድትመጡ የምትወተውተው ለዚህ ነው። የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል፣ በመቀመጫ የሚገባው ዓይነትም ከተሰጠ አብሮ ይቆጠራል።

«አንድ ማንኪያ» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። የሻይ ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል፤ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ሦስት እጥፍ ነው። በምትኩ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ትሰጣለች፤ ልኩ ላይ በማርከር ታሰምርና እናትየዋ ራሷ ውሃ ስባ እንድታሳያት ትጠይቃለች። የአየር አረፋ ካለ ይወጣል፣ ልኩ የሚነበበው በመግፊያው ጎማ የፊት ጠርዝ ነው። የሲሪንጁን ክዳን እዚያው ትጥለዋለች፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራልና። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ መድኃኒቱ በጉንጩ በኩል ቀስ ተብሎ ይግባ፤ አፍንጫ ይዞ መጋት የለም። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ መቀላቀልም አይሆንም፤ ግማሹን ጠጥቶ ከተወው ምን ያህል እንደወሰደ ማን ያውቃል?

ሰዓት ላይ ያላት ጥንቃቄ የእኛው አገር ጉድ ስለሆነ ልዩ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለውን «8 ሰዓት ላይ» ብሎ የሚሰማ ብዙ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5» ብላ በአማርኛ ትጽፋለች። ግማሽ ሚሊ ሊትር ከሆነም 0.5 ብቻ አይበቃትም፣ «ግማሽ» ብላ በፊደል ትጨምራለች፤ ነጥቧ ከጠፋች 5 ይሆናልና። የማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው፦ 03/2026 ማለት በእኛ መጋቢት 2018 ነው። በ2018 ዓ.ም. ያለ ሰው 2026 ሲያይ 8 ዓመት የቀረው ይመስለዋል፣ 03ንም ኅዳር ይለዋል።

የሚበጠበጠው አሞክሳሲሊን ዱቄት ላይ ጊዜዋን አትሰስትም፤ እኛም ብዙ ስህተት ያየነው እዚህ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሚለው ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ አይጨመርበትም፤ ዱቄቱም ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ማላቀቅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሽ ማድረግ፣ በደንብ መነቅነቅ፣ አረፋው እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ መሙላት። አረፋውን እንደ ውሃ የቆጠረ ሰው ወፍራም መድኃኒት ያጠጣል። በየጊዜው ያልነቀነቀ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቀጭኑን፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጩን ይሰጣል። የተበጠበጠበትን ቀን ትጽፍበታለች፤ እንደ ዓይነቱ ከ7 ወይም ከ14 ቀን በኋላ ይደፋል፣ ስንት እንደሆነና ፍሪጅ ይፈልግ እንደሆነ ካርቶኑ ይነግራል።

ሒሳቡንም አስቀድማ ትሠራለች። በአንድ ጊዜ 8 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ5 ቀን 80 ነው፤ አንድ ጠርሙስ ይበቃል፣ የተረፈው 20 ለታናሹ አይቀመጥም። ለ7 ቀን ከሆነ 112 ስለሆነ ሁለተኛው ጠርሙስ ይገዛል፤ ግን የሚበጠበጠው የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው።

ለተቅማጥ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ለ1 ሊትር ውሃ ነው። ሃይላንድ የምንለው ጠርሙስ ግማሽ ሊትርም ስላለው ትጠይቃለች፤ በግማሹ የተበጠበጠ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳዋል። ከ24 ሰዓት በላይም አይቀመጥም። ዚንኩ ከ6 ወር በታች ለሆነ ግማሽ፣ ከዚያ በላይ አንድ ባለ20 ሚሊግራም ክኒን፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ይደገማል።

አስፕሪን ለልጅ አትሸጥም። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሲያተኩስ የትኩሳት መድኃኒት ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም መላኪያ ነው የሚሰጠው። ነፍሰ ጡር እናት አይረን ስትወስድ ደግሞ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ እንዳለ ትጠይቃለች፦ አንዱ ክኒን 60 ሚሊግራም አይረን አለው፣ ከረሜላ ይመስላል፤ 10 ኪሎ ልጅ አሥሩን ቢውጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

አንድ ቅሬታ እንሰማለን፦ ወረፋዋ አይንቀሳቀስም። እውነት ነው፣ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ድረሱ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ስትሄዱ ማዘዣውን፣ ቤት ያሉትን ጠርሙሶች በሙሉና ቢቻል ልጁን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።