አከራዬ ጄኔሬተር የመሰላቸው አልበም

የሮክ ባንዱን የ«ዘ ዴድ ሲ»ን ድርብ አልበም «ሃርሽ ሰቨንቲስ ሪያሊቲ»ን ቅዳሜ ማታ ከፈትኩት። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ ያረጀ ስፒከር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አከራዬ በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ጄኔሬተር አስነስተህ ነው እንዴ? መብራት አለ እኮ!» አልፈረድኩባቸውም።

የባንዱ አባላት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ኒውዚላንዳውያን። ብሩስ ራስል እና ማይክል ሞርሊ ጊታር፣ ሮቢ ይትስ ድራም። ሞርሊ ይዘፍናልም፤ ዘፈን ካላችሁት ማለቴ ነው። አፉ ውስጥ ቆሎ ይዞ የሚያወራ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እነዚሁ ሦስቱ አብረው ዘልቀዋል። ስንት ባንድ በገንዘብ ተጣልቶ ሲፈርስ እያየን፣ ይሄ ራሱ ያስቀናል።

አልበሙ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የመጀመሪያው ትራክ ብቻ ከ20 ደቂቃ በላይ ነው፤ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ወስዷል። ቀረጻው ድፍርስ ነው፣ ዜማ ፈልጌ አጣሁ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ግን ጆሮዬ ለመደው መሰለኝ፣ ጩኸቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ ሆነልኝ። ዝናብ ደግሞ ዜማ የለውም ብሎ የሚዘጋ የለም።

ሁለተኛውን ሸክላ በማግስቱ ሰማሁት። በጆሮ ማዳመጫ፣ ለእትዬ ስል።