ስለ ተማሪዎች ደኅንነት ሥልጠና ስትመርጡ፦ አዳራሽ፣ ግቢ ወይስ ኦንላይን?

ጎንደር ላይ ለመምህራን የተማሪ ደኅንነት ሥልጠና ለማምጣት የሚያስብ ርእሰ መምህር ወይም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል በተግባር ሦስት መንገድ አለው፦ አሠልጣኝ ጋብዞ አዳራሽ መከራየት፣ በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ (ተሙማ) ሰዓት በራስ ግቢ እየተማሩ መሄድ፣ ወይም ኦንላይን ኮርስ። ገንዘቡ ከድጎማ ወይም ከወላጅ መዋጮ ስለሚወጣ አስተያይቶ መምረጥ ይገባል።

የአዳራሹ ሥልጠና ቶሎ ያልቃል፣ ለሪፖርትም ይመቻል። ወጪው ግን በአብዛኛው ለኪራይ፣ ለአበልና ለሻይ ቡና ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ (ጥበቃው) ደግሞ አይጠራም። ጠዋት በሩ ተዘግቶ ያረፈዱ ልጆች ጠጠር ላይ ሲንበረከኩ፣ ኮርኩም ሲቀምሱ፣ እዚያ ያሉት ጥበቃውና ተረኛው መምህር ናቸው። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት አሠልጣኙን “ያረፈደ ልጅ በሩ ላይ ምን ይደረግ?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ስለ መብት ማብራሪያ ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ደንግጓል፤ ይህን የሰማ መምህር ብዙ ነው። የቸገረው የታጨቀ ክፍል ያለ አርጩሜ የሚይዝበት ዘዴ ነው።

እኔ የምመርጠው በግቢ የሚሰጠውን ነው። ጥሩ መነሻ የሚሆነው ሬይዚንግ ቮይስስ የተባለው የኡጋንዳ ድርጅት ያዘጋጀው ጉድ ስኩል ቱልኪት፣ ማለትም ጥሩ ትምህርት ቤት ለመፍጠር የሚረዳ የመመሪያ ስብስብ፣ ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ ስድስት ደረጃ አለው፣ ሥራውን የሚመሩትም መምህራንና ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው። የክፍል ደንቡን አብረው ያወጣሉ፤ መምህራኑም ያለ ዱላ ሥርዓት ማስያዝን ይለማመዳሉ። ሉዌሮ በሚባል የኡጋንዳ ወረዳ በ42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከ18 ወር በኋላ “ባለፈው ሳምንት ሠራተኛ መታኝ” ያሉት ተማሪዎች፣ ቱልኪቱን በተገበሩት ትምህርት ቤቶች 31 በመቶ ሲሆኑ ባልተገበሩት ወደ 49 በመቶ ይጠጉ ነበር። የፈተና ውጤት ላይ ግን ለውጥ አላመጣም፤ ይህን ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ።

ድካም አለው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ የቋንቋ መምህራን በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ተከፋፍለው ወደ አማርኛ ቢመልሱት ግን ይደረስበታል። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው፦ ልጆች መታመን ሲጀምሩ ቤት ውስጥ የሚደርስባቸውን ጭምር ይናገራሉ። ስለዚህ ገና ሳትጀምሩ ማን እንደሚሰማቸውና ወዴት እንደሚላኩ በስም የታወቀ ይሁን፤ ለሆስፒታሉ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱና ለፖሊስ የሚደውለው ሰው ከአሁኑ ይመደብ።

ኦንላይኑ ርካሽ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ይቆማል፣ አንድ መምህር ብቻውን የተማረውም ከእሱ ጋር ይቀራል። የማልተወው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ነው። ሦስት ተግባር ያስተምራል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከእርዳታ ጋር ማገናኘት። ተኩስ ሲሰሙ ያደሩ ልጆች ጠዋት ክፍል ሲገቡ ይህን የሚያውቅ መምህር ያስፈልጋቸዋል። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አትሙት።

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለኅትመቱ አውሉት። ለከባዱ ክፍል፣ ማለትም የተጎዳ ልጅን ስለ ማነጋገር፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ መምህር በደብዳቤ ጠይቁና በግቢያችሁ አንድ ከሰዓት ያሠልጥንላችሁ። በዚያ ቀን ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹም ይቀመጡ።