ወንጪ ደርሶ መልስ፦ ቆጮው ያስመሰግናል፣ የመኪናው ሒሳብ ያስለቅሳል

በ8,000 ብር የተዋዋልነው ዶልፊን ሚኒባስ ማታ ሲመልሰን 12,700 ብር ሆኖ ጠበቀን፤ ያውም ነዳጁ ሳይቆጠር። ሰባት ሰው ነን፣ ሦስቱ ልጆች። ጭማሪው ሲተነተን እንዲህ ነው፦ የሁለት ሰዓት ትርፍ ሰዓት 2,000፣ «ከከተማ መውጫ» 1,500፣ የሹፌር አበል 800፣ እጥበት 400። በስልክ ስንነጋገር ከእነዚህ አንዱም አልተነሳም። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «የነገርናችሁ እኮ የከተማ ዋጋ ነው» የሚል ነው። በወሊሶና በአምቦ መሃል ወዳለው ወደ ወንጪ ሐይቅ እንደምንሄድ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ ነው የነገርናቸው። ወንጪ መቼ ነው አዲስ አበባ ውስጥ የገባው?

ነዳጁ ደግሞ ይብሳል። «ነዳጅ በናንተ» የሚለው ውል በራሱ ክፋት የለውም፣ ተንኮሉ አቀዳዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ነዳጅ በጥሬ ብር አይቀዳም፤ በስልክ ነው የሚከፈለው። ከውጭ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቴሌብር ስለሌለው ሹፌሩ ይከፍልና ቁጥሩን በቃል ይነግረዋል። እኛ 50 ሊትር ተባልን። በሰበታና በወሊሶ ሄደን በአምቦና በሆለታ ስንመለስ ቆጣሪው የጨመረው 312 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገቱንም፣ ሰው መሙላቱንም አስበን በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ብንሰጠው እንኳ 37 ሊትር ተኩል አይሞላም። ከ12 ሊትር በላይ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ስለዚህ ልትከራዩ የምታስቡ፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩ ባለበት ማደያ ገብታችሁ አፉ ድረስ አስሞሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የነዳጅ ጌጁን በአንድ ፎቶ አንሱ። ማታ እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ እንደገና አስሞሉ፤ ሁለተኛው የገባው ሊትር ነው የናንተ ዕዳ። የክፍያው መልእክት ሹፌሩ ስልክ ላይ እንደገባ ወዲያው ወደናንተ ያስተላልፈው፣ ማታ ላይ «ጠፍቷል» ይባላል። ዋጋውን ስትዋዋሉ ደግሞ የስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ይሁን በራችሁ ላይ ሲደርስ፣ አበል፣ ከከተማ መውጫና እጥበት ያለበት መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ አስልኩ። በቃል የተባለ ነገር ማታ አይገኝም። ፍራንክፈርት መኪና ስትከራይ ሠራተኛው ፈገግታ የሚባል አያውቅም፣ ነገር ግን ሞልተህ ወስደህ ሞልተህ ትመልሳለህ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ማታም ያው ነው። ሹፌሩን ግን አልወቅስም። ጥምዝምዙ ላይ ጥንቁቅ፣ ለልጆቹም ትዕግሥተኛ ነበር፤ አበል የተባለችው 800 ብርም እጁ እንደማትገባ ራሱ ነግሮናል።

ሌላም ነገር አለ። በይነመረብ ላይ የምታገኟቸው የዋጋ ዝርዝሮች የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 በፊት የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱን ይዞ መከራከር ትዝብት ላይ ይጥላል።

ወደ መንገዱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ያልወጣ ሰው ዓለም ገናና ሰበታ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ጠዋቱን ይጨርሳል። ቁርስ ወሊሶ፦ ጨጨብሳ በማር፣ ልጆቹ ሳህኑን ጠርገው በሉ። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ዕለት ጠዋት ወሊሶ ወይም አምቦ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ሳይመሽም ተመለሱ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ያለው ይያዘው፣ ኬላ ላይ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል።

የወንጪ ተራራ ጫፍ 3,386 ሜትር ነው። ከአውሮፓ ዝቅታ ላይ የመጣ ሰው በገባ በማግስቱ እዚያ ከወጣ ራሱን ሊያመው፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሊያስታውከው ይችላል፤ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ከርሞ መሄድ ነው። «የእሳተ ገሞራ ተራራ» ሲባሉ የኛዎቹ ልጆች አልፕስን አስበው በረዶው የታለ አሉ። በረዶ የለም፣ ብርዱ ግን አለ። ጠርዙ ላይ ንፋሱ ጃኬት ያስለብሳል፣ ፀሐዩ ደግሞ በዚያው ሰዓት አፍንጫ ይልጣል፤ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከላይ ሆኖ ሐይቁን ሲያዩት ከጭሱ፣ ከእንሰቱና ከገብሱ ማሳ ጋር ነው። ለዚህ ማጋነን አያስፈልግም።

የፈረሱ ዋጋ ሲነገር «መውረጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? የሚመራው ልጅ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ወርደን፣ ዳገቱ ሥር ስንደርስ እጥፍ ተባልን። ያኔ ዳገቱን በእግሩ ለመውጣት ጉልበቱ ያለው ያስብ። ሕፃን ከመሳፈሩ በፊት እርካቡ ለእግሩ መድረሱን፣ የኮርቻው ጠፍር መጥበቁን እዩ፤ ቁልቁለት ላይ የላላ ኮርቻ ወደ ፈረሱ አንገት ይንሸራተታል። ወንጪ ቂርቆስ ገዳም ወዳለባት ደሴት በጀልባ ስትሻገሩም የሕፃን ልክ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳትከፍሉ አረጋግጡ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ በአንገት በኩል ሾልኮ ይወጣል።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር። ምሳ የበላነው ከመንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቷ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ምጣዱ ላይ ሲያገላብጡት ቅጠሉ ጠቁሮ ሽታው ቤቱን ሞላው። እሳቸው ቆርሰው ሁለቱን ጫፍ ቀስ ብለው ሳቡት፤ ቃጫ አልተንጠለጠለም። ጥሩ ቆጮ የሚለየው በዚህ ነው። ሊጡ ከመጋገሩ በፊት በቢላ ደጋግሞ ካልተከተከተ ክሩ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው በደንብ ካልተጨመቀ ደግሞ መሃሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ክትፎው ከቀይ ሥጋ ነው፣ ጅማቱ ተለቅሟል። ቅቤው ቀልጦ ለብ ሲል ነው የገባው እንጂ እየተንጫጫ አይደለም፤ የሚፈላ ቅቤ ሥጋውን ዳር ዳሩን አብስሎ ያበላሸዋል። ኮረሪማው ይሸታል፣ ሚጥሚጣው ለየብቻ ቀረበ፣ ጎመንና አይብ ከጎኑ። ለልጆች የበሰለ እዘዙ፣ ጥሬና ለብለብ ኮሶ ያስይዛል። ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት ሄዳችሁ ክትፎ አትጠይቁ። እኛ ማክሰኞ ነው የሄድነው። ሒሳቡ? ዝርዝሩን ሳንጠይቃቸው በቃላቸው ደመሩልን፣ ደግመን ስንደምረው አንድ ብር አልተሳሳተም። ለልጆቹ የጨመሩትን ቡላ «ይብሉ ልጆቼ» ብለው አላስከፈሉም።

የወንጪን ማር የምትገዙ ከሆነ ማሰሮው ላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ፣ በማንኪያ ከሥሩ አስወጥታችሁ ቅመሱ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለምትመለሱ፣ ለራስ የሚሆን ማር እስከ 2 ኪሎ ይገባል። ቅቤና አይብ ግን አይገባም፣ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል። ቅቤውን እዚሁ ጨርሱት።