«ኦሮማይ»ን ዛሬ ላይ ሳነበው

ታሪካዊ ልብወለድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ገጸ ባሕርያቱ መጨረሻውን ያውቁ እንደሆነ ነው። በብዙዎቹ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሆኖ የሚደሰኩረው ለመኳንንቱ ሳይሆን መቶ ዓመት ቆይተን ለምናነበው ለእኛ ነው። እንዲህ ያለውን አልጨርሰውም።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከዚህ የጸዳ ነው። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ለነጻነት የሚዋጋውን ሻዕቢያን ለመደምሰስ የከፈተው ዘመቻ ቀይ ኮከብ በ1974 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ልብወለዱ በ1975 ታተመ። ጦርነቱ እስከ 1983 እንደሚዘልቅ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ጸጋዬም አያውቅ፣ ደራሲውም አያውቅ። ያኔ ወቅታዊ ነበር፤ ዛሬ የምናነበው ግን እንደ ታሪክ ነው።

ዘመቻው «ሁለገብ» የተባለው የሻዕቢያን ተራራማ ምሽግ ናቅፋን ከመያዝ ሌላ የተዘጉ ፋብሪካዎችን የማስከፈት ዕቅድም ስለነበረው ነው። የታሪክ መጻሕፍት ይህችን በአንድ አንቀጽ ይዘጓታል። እዚህ ግን ስብሰባው፣ የሹማምንቱ ሽኩቻ፣ ማታ ማታ መጠጡና ጭፈራው ሳይቀር አለ። እኔ እንዲያውም ከጦር ሜዳው ይልቅ የስብሰባውን ክፍል እወደዋለሁ። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለነበር ሰው ሳያምንበት እንዴት እንደሚያጨበጭብ ጠንቅቆ ያውቃል። «ይኼ እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ ነው» እያሉ ባለሥልጣን ፍለጋ ብቻ የሚያነቡት ይህ ሁሉ ያመልጣቸዋል።

የሻዕቢያው ሰላይ ስዕላይ በራኺም አለ። ኩራዝን በመሰለ የመንግሥት አሳታሚ በወጣ መጽሐፍ ውስጥ ጠላት እንዲህ ብልህና ቆራጥ ሆኖ መሣሉ አሁንም ይደንቀኛል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ጸጋዬ አስመራ ላይ የሚወዳት ፊያሜታ ግን አልጣመችኝም። ቁንጅናዋ ስንቴ ይነገረናል! ጸጋዬ ዓይን ውስጥ በሌለችበት ሰዓት ምን ታስባለች? የለም። አንዳንዴማ ሴት ሳትሆን የአስመራ ማስታወቂያ ትመስለኛለች። እጮኛው ሮማን ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብላ መጠበቅ ነው ሥራዋ።

የኔ ቅጂ በኋላ ከታተሙት ነው። ቀለሙ አንዳንድ ገጽ ላይ ፈዟል፣ ፊደል ግድፈቱም አይጣል። ከሁሉ የከፋው ካርታ አለመኖሩ ነው። ከአስመራ እስከ ናቅፋ ያለውን ተራራ በዓይነ ኅሊናው የማያውቅ የዛሬ ወጣት ያ ሁሉ ሠራዊት ለምን እንዳልዘለቀ በምን ይገባዋል? አሳታሚዎች ለሚቀጥለው እትም አንዲት ገጽ ካርታ ቢጨምሩ ገንዘቤን ሁለተኛ አወጣለሁ። እስከዚያው ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ አንብቡት።